የበዓሉ ዘርፍ

ኤድንብራ የገባሁት በቡሄ ዕለት ነው። አዲስ አበባ እናቴ ቤት ሙልሙሉ እንደ ተጋገረ፣ የሰፈሩ ልጆችም ዱላቸውን ይዘው በየበሩ እየዞሩ እንደ ሆነ እያሰብኩ ከባቡር ወረድኩ። ከለንደን ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ስኮትላንድ ሊገባ ሲል ባሕሩን ያገኘዋል። እኔ ያገኘሁት ጭጋግ ለብሶ ነበር። ዌቨርሊ ጣቢያ ወርጄ ደረጃውን እንደ ጨረስኩ ነፋሱ ተቀበለኝ፤ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። የአገሩ ሰዎች ወቅቱን በጋ ይሉታል። ለእኔ ግን የአገሬ ነሐሴ ራሱ ነበር፦ ካፊያ፣ ብርድ፣ ብቅ ብላ ወዲያው የምትጠፋ ፀሐይ።

ቀና ስል ግንቡ ጥቁር ዐለት ላይ ጉብ ብሏል። ከተማዋ ሰው በከሰል የነደፋት ትመስላለች። ቤቶቿ የተሠሩበት ድንጋይ ለዘመናት በምድጃ ጢስ ጠቁሯል፤ የገዛ ሰዎቿም ድሮ የቅጽል ስም ሲያወጡላት «አሮጊቷ ጢሳም» ብለዋታል። ለደራሲው ለዋልተር ስኮት የቆመው 61 ሜትር የሚደርስ ሐውልት እንኳ ከሥር እስከ ጫፉ ጥላሸት ጠጥቷል። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደድኳት።

ካረፍኩበት ቤት ዕቃዬን ጥዬ ወደ ሮያል ማይል ወጣሁ። ከግንቡ ተነሥቶ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ቁልቁል የሚወርድ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ጎዳና ነው። በነሐሴ፣ የከተማዋ የጥበብ ፌስቲቫል ሲደርስ፣ ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር መድረክ ይሆናል። አንዱ ረጅም መሰላል ጫፍ ላይ ቆሞ ቢላዋ እየወረወረ ይቀልባል። አራት ተማሪዎች የጥንት ነገሥታት ልብስ ለብሰው ያለ መሣሪያ ይዘምራሉ። ፊቷን ነጭ የተቀባች ልጅ እንደ ሐውልት ደርቃ ቆማለች፤ ዓይኗን እስክታርገበግብ ሕፃናት ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቋታል። የሁሉም እጅ ላይ ወረቀት አለ። «ዛሬ ማታ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ኑልን!» መቶ ሜትር ሳልሄድ ሃያ ወረቀት ይዤ ነበር።

ልቤ ያን ጊዜ ሆያ ሆዬ አለ። የቡሄን ልጆችም የሚጠራቸው የለም። በር ላይ ይቆማሉ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ይመታሉ፣ ያላቸውን ያሰማሉ፤ የቀረውን የቤቱ ባለቤት ያውቃል። ከአገሬ በዓል የራቅሁ መስሎኝ ነበር፤ በዓሉ ሌላ ቋንቋ እየተናገረ ጎዳና ላይ ጠበቀኝ።

ደግሞም ይህ ፌስቲቫል የተወለደው ልክ እንዲሁ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ሳትወጣ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ሩዶልፍ ቢንግ ከከተማዋ ሰዎች ጋር ሆኖ የኤድንብራ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫልን መሠረተ። ጦርነት የለያያቸውን የሚያገናኝ በዓል እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። አይሁዳዊ በመሆኑ አገሩን ጥሎ የተሰደደው የሙዚቃ መሪ ብሩኖ ዋልተር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር እንደገና የተገናኘው በዚያው ዓመት፣ በዚህችው ከተማ ነው። ጥሪው የደረሳቸው እንዲህ ያሉ ታላላቆች ነበሩ። ስምንት የቴአትር ቡድኖች ግን ጥሪ ሳይደርሳቸው መጡ፤ ስድስቱ ከስኮትላንድ፣ ሁለቱ ከእንግሊዝ። አዳራሽ ራሳቸው ፈልገው፣ ወጪውን ራሳቸው ችለው፣ በበዓሉ ዳር ዳር ተውኔታቸውን አሳዩ። በዓመቱ ሮበርት ኬምፕ የተባለ ጸሐፌ ተውኔት ስለ እንዲህ ያሉት ቡድኖች ሲጽፍ «ፍሪንጅ» የሚል ቃል ተጠቀመ፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ፍሪንጅ በእኛ አፍ የልብስ ዘርፍ ነው። ነጠላው አልቆ፣ ጥለቱም አልፎ፣ ጫፉ ላይ ተቋጭቶ የሚንጠለጠለው ክር። የእኛ ሰው ዘርፍን አይንቅም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት የዳነችው የኢየሱስን ልብስ ጫፍ ነክታ መሆኑን በልጅነቱ ሰምቷል።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንላለን። የምንለው ለወቀሳ ነው። እነዚያ ስምንቱ ግን ሳይጠሩ አቤት ብለው ከዋናው በዓል የሚሰፋ በዓል ወለዱ። በ1958 እ.ኤ.አ. ማኅበር ሲቋቋምላቸው አንድ መርሕ ጸና፦ መራጭ ኮሚቴ አይኖርም። ቦታ ያገኘ ሁሉ ያሳያል፤ ፈራጁ ተመልካቹ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. 3,841 ትርኢቶች በ323 ቦታዎች ታይተዋል፤ የወጣው ትኬት ከ3 ሚሊዮን አልፏል። የከተማዋ ነዋሪ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። ይህን ሁሉ እንግዳ ለመያዝ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መጠጥ ቤቱም፣ የተማሪዎች መማሪያ ክፍሉም በሩን ይከፍታል። ሰመርሆል የሚባለው የታወቀ የጥበብ ቦታ ቀድሞ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ነበር።

ከሃያዎቹ ወረቀቶች አንዱ ፎቶ አልነበረበትም። አንድ መስመር ብቻ ተሥሎበታል፦ ከአንገት እስከ ወገብ፣ እጅ ሳይነሣ የተሳበ የሴት ጀርባ። የሰጠችኝ ወጣት የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል። ላይፍ ድሮዊንግ ነው አለችኝ፤ ሕያው ሰው ፊት ተቀምጦ መንደፍ። ሞዴሏ እየተወነች ትቆማለች፣ ቼሎ ይሰማል፣ ተመልካቹ ይሥላል።

«እኔ እኮ መሣል አልችልም» አልኳት።

«መቻል አያስፈልግም። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሰውን ማየት ከቻልሽ ይበቃል።»

ሞዴሏ ልብስ ትለብሳለች ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። መልሱን አውቀዋለሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ጭንቀቴንም አብሬ ያዝኩት፤ ያደግሁበት ቤት ገላ የሚሸፈንበት ቤት ነውና።

ትርኢቱ ማታ ስለ ነበር ቀኑን ወደ ፕሪንሰስ ጎዳና ምዕራብ ጫፍ ሄድኩበት። እዚያ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በነሐሴ ግቢው የእጅ ሥራ ገበያ ይሆናል፤ ሸክላ፣ የሱፍ ሹራብ፣ የብር ጌጥ ይሸጥበታል። እኔ ግን የሄድኩት ስለ ታቦቱ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦቶች አንዱ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ኖሯል። በ2001 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አገኘውና ምንነቱን ለየው፤ ሳይውል ሳያድር ይመለስ ተባለ። በዓመቱ አዲስ አበባ ሲገባ መንገዱ በሕዝብና በእልልታ ተሞላ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተቁሞ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ታቦት አይታይም። ካህኑ በራሱ ላይ ያከብረዋል፣ ሕዝቡ ተከትሎ ይዘምራል፤ ዓይን የሚያርፈው ግን መጎናጸፊያው ላይ ነው። እኛ ያከበርነውን እንሸፍናለን። ሥዕለ አድኅኖው መጋረጃ አለው፣ ሙሽራዋ ትከናነባለች፣ እንጀራው እንኳ በአክንባሎም በመሶብም ይከደናል። እዚያ ግቢ፣ በሻጮቹ ድንኳኖች መሐል ቆሜ፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት እየዳሰስኩ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፦ በመሸፈን ማክበርን የተማረ ሰው በማየት ማክበርን ሊማር ይችላል?

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ አዳራሹ በር ላይ ተሰለፍን። የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን የጉባኤ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የሳንቃ ወለሉ በተረገጠ ቁጥር የሚንቋቋ። ወንበሮቹ ክብ ሠርተዋል። መሐል ላይ ምንጣፍ የለበሰ ዝቅ ያለ መድረክ፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዙረዋል፤ እኛ ብርዳችንን ችለን መቀመጥ ነው።

ስልኮቻችንን አጥፍተን በር ላይ አስረከብን። ወረቀቱን የሰጠችኝ ወጣት አስተባባሪዋ ኖራለች። መሐል ቆማ ሥርዐቱን ተናገረች፦ ፎቶ የለም፤ ሞዴሏ ስትቆም በፊቷ ማለፍ የለም፤ እሷን መንካት ቀርቶ ስለ ገላዋ አስተያየት መስጠት የለም። ድምፅዋ «ተንሥኡ» እንደሚል ዲያቆን ቀጥ ያለ ነበር። ይህን ስሰማ ትከሻዬ ትንሽ ወረደ። እዚህም ቤት ቅጥር አለ፣ እዚህም ሥርዐት አለ።

ለያንዳንዳችን ሰሌዳ፣ ጥቂት ወረቀትና ሁለት ዘንግ ከሰል ደረሰን። የሥዕል ከሰል የአኻያ ቅርንጫፍ ነው፤ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ አየር እንዳያገኝ ታፍኖ የከሰለ። የእኛ ከሰል አክሳዮች እንጨቱን አፈር አልብሰው እንደሚያፍኑት ማለት ነው፤ አየር ካገኘ አመድ ይሆናል። ጣቴ መሐል ስይዘው ክብደት የለውም፣ ላባ ነው። ጠበቅ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ የኮታቸው ክርን በዕድሜ የሳሳ፣ ስባሪውን አንሥተው መለሱልኝ። «አጭሩ ይሻላል» አሉኝ። «ረጅሙን ጣት ያዝዘዋል፤ አጭሩን ክንድ ነው የሚያዝዘው።»

ሞዴሏ ሰማያዊ ካባ ለብሳ ገባች። ስድሳን የምትጠጋ ሴት ናት፤ ጸጉሯ አጭርና ሽበታም፣ አረማመዷ የማይቸኩል። ቼሎው አንድ ረጅም ድምፅ ሲስብ ካባዋን አውልቃ በጥንቃቄ አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው።

ዓይኔን ወረቀቴ ላይ ጣልኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነ አላውቅም። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ዱቄት ወንፊት ላይ ሲነፋ እንደሚሰማው ሽው ሽው የሚል፣ ከክቡ ዙሪያ ሁሉ የሚመጣ። አርባ ሰው ከሰሉን ወረቀት ላይ እየሳበ ነው። ቀና አልኩ። ያፈጠጠ የለም፣ ያቀረቀረም ከእኔ በቀር የለም። ሴትዮዋ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ሩቅ ያለ ነገር እንደምታወርድ ሰው፣ ቆማለች። ቤቷ ውስጥ ቆጥ ላይ እንደምትንጠራራ ማንኛዋም ሴት ነበረች። እኔም ክንዷን ፈልጌ አንድ መስመር ሳብኩ።

መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ አቋቋም ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ነው። ከሰሉ ወረቀቱን ሳይነካ አንዱ አልፎ ሌላው ይመጣል። አስተባባሪዋ ከኋላችን እየዞረች በሹክሹክታ ታርማለች። «ዓይንሽ ከወረቀቱ ይልቅ እሷ ላይ ይቆይ።» «ከሰሉን ዘርግተሽ፣ አንድ ዓይን ጨፍነሽ ለኪ፤ ራሷ ቁመቷ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል?» ለካሁ፤ ሰባት ጊዜ ግድም። «ክንዷን ተዪው። በክንዷና በወገቧ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ ሣዪ።» ይህኛው ምክር ነው በር የከፈተልኝ። ባዶውን ስከተል፣ ሳላስበው፣ ክንዱ በቦታው መጥቶ ተገኘ። ስም ያለውን ነገር ሳይ የማየው ስሙን ኖሯል፤ ክንድ ስል የማውቀውን ክንድ እሥላለሁ። ባዶው ቦታ ግን ስም ስለሌለው እንዲሁ እንዳለ ማየት ግድ ሆነብኝ።

አምስት ደቂቃ ወደሚቆዩት አቋቋሞች ስንደርስ ሞዴሏ መናገር ጀመረች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሰው ገላ ስታጥብ እንደ ኖረች ነገረችን። የታመመውን፣ የወለደችውን፣ የሞተውንም። በዚያ ሁሉ ዘመን የራሷን ገላ አስተውላ እንዳላየችው፣ ጡረታ ስትወጣ እግሮቿ የሌላ ሰው እንደ መሰሏት ነገረችን። ከዚያ ቆሞ መታየት ምን እንደሚመስል ተናገረች። ክብደቱን የያዘው እግር መጀመሪያ ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ከነመኖሩ ይረሳል። ያን ጊዜ የሚይዛት ትንፋሿ ብቻ ነው። ይህን ስትናገር ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። ቆማ አልቀረችም፤ ሕያው ናት፤ የምነድፈው መስመርም አብሮ ይተነፍሳል።

በእረፍቱ ሻይ እየጠጣን አስተባባሪዋ የአንድ ሥዕል ቅጂ አሳየችን። ዮሃን ዞፋኒ በ1771 እና በ1772 እ.ኤ.አ. የሣለው፣ የለንደን ሮያል አካዳሚ አባላት ሞዴል ለመንደፍ ተሰብስበው የሚታዩበት ሥዕል ነው። አካዳሚው በ1768 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ አንጀሊካ ካውፍማን እና ሜሪ ሞዘር። ሥዕሉ ላይ ግን ከወንዶቹ ጋር አልተቀመጡም። ግድግዳው ላይ በተሰቀሉ ሁለት ምስሎች ሆነው ነው የሚታዩት፤ ራቁቱን የቆመ ሞዴል ባለበት ክፍል ሴት አትገባምና። የአካዳሚው ሴት ተማሪዎች በከፊል የተሸፈነ ሞዴል እንዲነድፉ የተፈቀደላቸው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቁር ጣቶቼን አየኋቸው። ጠዋት ጭንቀት ይዞኝ የነበረውን ነገር ሌሎች ሴቶች መቶ ዓመት አልፎ ሲጠይቁት ኖረዋል። የሰውን ገላ ማወቅ የሠዓሊ ፊደል ነው፤ ፊደል የተከለከለ ሰው ንባቡን ከየት ያመጣዋል?

ሽማግሌው ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ። «የጄምስ ብሩስ አገር!» አሉ። የስኮትላንዱ ተጓዥ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ፣ የዓባይን ምንጭ አይቶ፣ የጉዞውን መጽሐፍ በ1790 እ.ኤ.አ. ያሳተመው እዚህ ኤድንብራ ነው። እኔም ስለ ሉዊጂ ባሉጋኒ አጫወትኳቸው። ከብሩስ ጋር የተጓዘ የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ነበር፤ የአገራችንን ዕፀዋት አንድ በአንድ ነድፎ፣ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። መጽሐፉ የሚገባውን ክብር አልሰጠውም። ሽማግሌው ሰሌዳቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ዝም አሉ። «እንግዲህ ዛሬ ስም እንጽፋለን» አሉኝ።

ከእረፍት በኋላ የመጨረሻው አቋቋም ሃያ ደቂቃ ነበር። ሞዴሏ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ አንድ እግሯን ዘርግታ። የእግሮቿን ቦታ አስተባባሪዋ በነጭ ፕላስተር ምንጣፉ ላይ ምልክት አደረገችበት፤ ብትንቀሳቀስ እንድትመለስበት። እኔ ካለሁበት ጎኗ ብቻ ነው የሚታየው፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን። ከሰሉን አንሥቼ እጄ ቆመ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ከሐዲው ነው፣ ሰይጣኑ ነው። በልጅነቴ ግድግዳው ሥር ቆሜ ክፉውን ከደጉ የለየሁት በዓይን ቆጠራ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰው ስታጥብ የኖረችን ሴት በአንድ ዓይን መሣል አልሆነልኝም።

ሽማግሌው አዩኝ። ምን እንደ ሆነ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ከእሳቸው ቦታ ሁለቱም ዓይኖቿ ይታያሉ። እኔ ግን ከዓይኖቿ በፊት የቀረበኝን፣ የተዘረጋውን እግሯን ጀመርኩ። ቁርጭምጭሚቷ አበጥ ብሏል። አውራ ጣቷ ወደ ጎረቤቱ አዘንብሏል። ከተረከዟ በላይ ቀጭን ሰማያዊ ሥር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይወጣል። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ወረቀቴ ላይ ያለው እግር ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ያልጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። ያን ማታ ግን አንድ ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውዬ ያየሁ መሰለኝ።

በመጨረሻ አስተባባሪዋ ከተመልካቹ ማን እንደሚቀመጥ ጠየቀች። ከነልብሱ፣ ለዐሥር ደቂቃ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እነዚያ ስምንት ቡድኖች ትዝ አሉኝ፤ እጄ ተነሣ።

መድረኩ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የተሰማኝ የማሞቂያው ሙቀት ነው። ቤቱ ሁሉ ሙቀቱን ለሚታየው ሰው ሰጥቶ ራሱ ብርዱን የያዘበት ምክንያት ገባኝ። ነጠላዬን አንገቴ ላይ እንዳለ ተውኩት። ከዚያ ዓይኖቹ መጡ። አርባ ፊት ቀና ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ቀና ይላል፤ እንደ ስግደት። በሰው ዓይን መመርመር ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። በየአውሮፕላን ማረፊያው ፊቴን ከፓስፖርቴ ጋር የሚያስተያይ ዓይን አውቃለሁ፤ ያ ዓይን ጉድለት ይፈልጋል። ሱቅ ውስጥ እጄን የሚከተል ዓይንም አውቃለሁ። እነዚህ ዓይኖች ግን ከእኔ የሚወስዱት ነገር አልነበረም። አንዲት ልጅ ጆሮዬን ስታይ ግንባሯ ተቋጥሯል፤ ጆሮዬን በትክክል ማግኘት የምሽቱ ትልቅ ጉዳይ ሆኖባታል። እንዲህ ተብሎ የታየ ሰው እንዴት የተራቆተ ይመስለዋል? በብዙ ጥንቃቄ የተጎናጸፍኩ ያህል ተሰማኝ። ቀን የያዝኩት ጥያቄ እዚያው መልሱን አገኘ፦ እንዲህ ያለ ዓይን ራሱ መጎናጸፊያ ነው።

ዐሥሩ ደቂቃ ሲያበቃ ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ተዘረጉ። አርባ ሆኜ ተኝቻለሁ፤ አንዱ አንገቴን አርዝሞታል፣ ሌላው ትከሻዬን አስፍቶታል፣ አንዱም ግን አላቃለለኝም። የሽማግሌው ወረቀት ላይ ፊቴ በጥቂት መስመር ታልፏል። የነጠላዬ ጫፍ ግን ክር በክር አለ፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ፣ እያንዳንዱ ጥምዝ።

«ክሩ ነው ጊዜዬን የወሰደው» አሉኝ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ምን ይባላል በቋንቋችሁ?»

«ዘርፍ» አልኳቸው።

ከሰሉን ሰጡኝና በፊደላችን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ጻፍኩላቸው። ከሥሩ ስሜን አስጻፉኝ፣ የራሳቸውንም ጻፉበት። እኔም የእግሩን ንድፍ ይዤ ካባዋን ለብሳ ሻይ ወደምትጠጣው ሞዴል ሄድኩ፤ ስሟን በገዛ እጇ ጻፈችበት። ብዙ አየችው። «እኔ ነኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ኤድንብራ ውስጥ አራት ቀን ቆየሁ። ብዙ ትርኢት አየሁ፣ አርተርስ ሲት የሚባለውን 251 ሜትር ኮረብታ ወጣሁ፣ ከላይ ሆኜ ጥቁሯን ከተማና ባሕሯን ተሰናበትኩ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ግን ስለዚያች አንድ ማታ ነው። ያን ያህል ሰው ወደ አንዲት ከተማ በየዓመቱ የሚያስጉዘው ዝና ብቻ አይደለም። ማንም ሳይጠራው የመጣ ሰው በር ተከፍቶለት፣ ቦታ ተሰጥቶት፣ በደንብ ይታያል፤ ማየትንም ይማራል።

አዲስ አበባ ስመለስ ንድፉን ለእናቴ ላሳያት ወይስ አላሳያት ብዬ ብዙ ቀን አቅማማሁ። አንድ ቅዳሜ ቡና ስታፈላ አምጥቼ ዘረጋሁላት። የማን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደ ተሣለ አልነገርኳትም። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አሳርፋ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጣቷ ያበጠው ቁርጭምጭሚት ላይ ሳይነካው ቆመ።

«ይቺ ሴት ብዙ ቆማለች» አለች። ከዚያም በርጩማውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። «ተቀመጪና ስለ እሷ ንገሪኝ።»